500 ዙር ቆጥሮ «ፈትኜዋለሁ» ማለት

ሰሞኑን ስታዲየም አካባቢ ኦንላይን ፖከር (በኢንተርኔት በገንዘብ የሚጫወቱት የካርታ ጨዋታ) የሚያሰለጥን አንድ ሰው የተናገረው አንጀቴን አሳርሮታል። «የተጫዋች መከታተያ ሶፍትዌሩ አይዋሽም። እኔ ራሴ በ500 ዙር ፈትኜዋለሁ» አለ። ወዲያው ምዝገባ ተጀመረ። ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ናቸው።

500 ዙር! አንድ ዙር ማለት ካርታ ታድሎ አሸናፊው እስኪለይ ያለው ነው። አራት ጠረጴዛ ከፍቶ የሚጫወት ሰው እኮ ይህን በሁለት ሰዓት ይጨርሰዋል።

እንደ ፖከርትራከር ያሉ ሶፍትዌሮች የጨዋታውን ፋይል ያነባሉ። ማን ገንዘብ አስገባ፣ ማን ጨመረ፣ ማን ካርታውን ጣለ ብለው ይቆጥሩና ቁጥሩን ከተጫዋቹ ስም አጠገብ ያስቀምጣሉ። ሰውየው ፈተንኩ የሚለው ይህንን ከሆነ፣ ያረጋገጠው ኮምፒውተር መደመር እንደሚችል ብቻ ነው።

እሱንም በወጉ አልፈተነውም። አንድ ፋይል ሁለቴ ቢገባ ሁለቴ ይቆጠራል? ኔት ሲቆራረጥ ሳይመዘገቡ የሚቀሩ ዙሮችስ? ቢግ ብላይንድ ላይ ያለ ሰው (ካርታ ከመታደሉ በፊት መነሻ ውርርድ በግዴታ የሚያስቀምጠው፤ የውርርዱ መጠንም በዚሁ ስም ይጠራል) ማንም ሳይጨምርበት ዝም ብሎ ቢያልፍ፣ በፈቃዱ ገንዘብ እንዳስገባ መቆጠር የለበትም። ይህንን በወረቀት ቆጥሮ አስተያይቷል? አንዱንም አላነሳም።

ዋናው ጉዳይ ግን የናሙናው ማነስ ነው። ስድስት ሰው በሚቀመጥበት፣ የውርርድ ገደብ በሌለው ሆልደም (በሚባለው የፖከር ዓይነት)፣ ውጤት ክፉኛ ይዋዥቃል። በየ100 ዙሩ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ (ውጤቱ ከአማካዩ ወዲያና ወዲህ የሚዋዥቅበት መጠን) 90 ቢግ ብላይንድ አካባቢ ነው። ጎበዝ የሚባል ተጫዋች በ100 ዙር የሚያተርፈው ደግሞ 5 ቢግ ብላይንድ ያህል ነው። አስሉት። 500 ዙር ተጫውቶ የ100 ዙሩን ትርፍ ለሚገምት ሰው የግምቱ ስህተት 40 ገደማ ይሆናል። የምትፈልጉት 5፣ የሚያደናግራችሁ 40! 10,000 ዙር ብትጫወቱም ስህተቱ 9 ነው። 100,000 ላይ ስትደርሱ ገና ወደ 3 ይወርዳል። ታዲያ በ500 ዙር «ይሄ አሸናፊ፣ ያ ተሸናፊ» ብሎ መለየት ከየት የመጣ ድፍረት ነው?

ሌላም አለ። ስክሪኑ ላይ «ያሳደገው ውርርድ ላይ ሲጨመርበት 100 በመቶ ይጥላል» የሚል ቁጥር ይወጣል። ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ሁለት ጊዜ ገጥሞት ሁለቴ ጥሏል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ልጁ ግን ይህን አምኖ የወር የቤት ኪራዩን ያስይዛል።

«ሶፍትዌር አጭበርባሪ አጋልጦ የለም ወይ?» ይሉኛል። አጋልጧል። በፈረንጆቹ 2008 አልቲሜትቤት በሚባል የፖከር ድረ ገጽ ላይ የሌላውን ካርታ እያዩ የሚጫወቱ መኖራቸው የታወቀው ተጫዋቾች መዝገብ አገላብጠው ነው። ግን እዚያ የታየው ትርፍ ማንም በዕድል የማያገኘው ነበር። ከዚያ ተነስቶ በጓደኛሞች መካከል ያለን ትንሽ ልዩነት 500 ዙር ያሳያል ማለት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

ቆጠራ ትናንትን ይነግራል። እነዚህ ልጆች የሚከፍሉት ግን ለነገው ነው። ሰውየው ከተማመነ፣ ከሚቀጥለው ምዝገባ በፊት ፋይሉን ይስጣቸው። ለሁለት ይክፈሉትና ከመጀመሪያው ግማሽ የወጣው ቁጥር በሁለተኛው ይደገም እንደሆነ ራሳቸው ይዩት። እምቢ ካለ የተቀበለውን ገንዘብ ይመልስላቸው።