ፈረንጅ ሲነዳ ቱሪስት፣ እኛ ስንነዳ ምስኪን

ኧረ ዛሬስ ዝም አልልም! የሳይክሌ ካቴና ቅባት ከእጄ ሳይለቅ ነው ይህን የምጽፈው። ስልኩም ጠቁሯል፣ ይጥቆር። ደግሞ «አብሽር፣ የሚኒባስ ረዳት እኮ ነው» እንዳትሉኝ። አብሽር ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ያው እንደምታውቁት ቅዳሜ ጠዋት ከደሴ በሳይክል በጉሙ ወርደን፣ ኮምቦልቻ ቁርስ በልተን መመለስ ነው ልማዳችን። ዛሬ ሁላችሁም ስለቀራችሁ ብቻዬን ሄድኩ። ስመለስ ሐረጎ ላይ፣ ያ ጠመዝማዛው በጣም ሽቅብ የሚሆንበት ጋ፣ ካቴናው ቷ! ብሎ ተበጠሰ። ሰማዩ ጠቁሯል። መፍቻው አለኝ፣ ማያያዣዋ ግን ደሴም ኮምቦልቻም የለችም፤ ለዚች ጥፍር ለምታክል ብረት አዲስ አበባ ሰው መለመን አለብህ። ምን ላድርግ? ገፋሁ። ዝናቡ ሲጀምር ሚኒባስ አስቆምኩ።

ቆመች። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ ሰላም እንኳ ሳይል፦

«ጋሼ፣ ሳይክሉ የሁለት ሰው ነው!»

«ለምን? ፖርቶ መጋላ ላይ እኮ ነው የሚጫነው።»

«ታዲያ! ቦታ ይዟላ።»

ቀና ስል ላዩ ላይ ጆንያ ሙሉ ሽንኩርት አለ፣ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል፣ እግሩ የታሰረ ፍየል ቁልቁል ያየኛል።

«ፍየሉስ የስንት ሰው ከፈለ?» አልኩት።

መኪናው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ሳይጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ፍየል ይበላል ጋሼ፤ ይሄ ምን ይሰራል?»

ወላሂ መልስ አጣሁ። እኔ! ስብሰባ ላይ አፌን የሚዘጋልኝ የጠፋው ሰውዬ! ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ «በዚህ ዳገት? ሰውየው ጤነኛ ነው?» ይላል፣ እኔ እየሰማሁ። ይሄ ሁሉ ምንም አልነበረም። የገደለኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። ፊት ለፊት የተቀመጡ እናት መቀነታቸውን መፍታት ጀመሩ።

«ተው እንጂ ልጄ፣ ጫነው። ምስኪን ነው፣ ዝናብ ይመታዋል፤ እኔ እከፍልለታለሁ።»

«እማማ፣ ብር አለኝ እኮ፣ እከፍላለሁ» ብል፣

«ግዴለም፣ አትፈር ልጄ። ሁሉም ያልፋል» አሉኝ፣ የታጠፈውን ብር እጄ ውስጥ እያስገቡ።

እሳቸውን ምን እላለሁ? አላህ ይስጣቸው፣ ከመኪናው ሁሉ ሰው የነበሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ብሩን መልሼ እጃቸው ውስጥ ለማስገባት መከራዬን አየሁ። ግን አስቡት እስቲ! ሥራ አለኝ፣ ቤት አለኝ፣ ልጆች አስተምራለሁ፣ ያቺ ሳይክል የስንት ወር ደሞዜ ናት። የአገሬን ዳገት በጉልበቴ ስለወጣሁ ምጽዋት የሚገባው ሰው መሰልኩ። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ተሳፋሪው እያንቀላፋ የሚያልፋትን 650 ሜትር አየሩ እየሳሳ ሲሄድ በራስህ ሳንባ መውጣት ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቃል። በኛ አገር ግን ይሄ ጉብዝና አይባልም፣ ችግር ነው የሚባለው።

የሁለት ሰው ከፈልኩ፣ የራሴን ጨምሮ የሦስት ማለት ነው። ከፍዬስ? ሳይክሏን በማርሹ በኩል አጋድሞ ሽንኩርቱ ላይ ወረወራት። «ቀስ በል እንጂ ወንድሜ!» ስለው «ብረት እኮ ነው ጋሼ!» አለኝ። መናኸሪያ ስንደርስ የማርሽ መቀየሪያው ወደ ውስጥ ታጥፎ የኋላውን ቸርኬ ሽቦ ይነካል። ፍየሉን ግን አቅፎ ነው ያወረደው። ጭንቅላቱን እንዳይመታ በእጁ ደግፎ!

ቆይ፣ ፈረንጅ ቢሆንስ? ያኔ አይተናል እኮ! እነዚያ ጥንዶች፣ በግራ በቀኝ ሻንጣ የጫኑት፣ ከሐይቅ በኩል መጥተው ቦሩ ሜዳ ላይ ያገኘናቸው። የደሴ ሰው ምን አደረጋቸው? ቡና ጋበዘ፣ ፎቶ ተነሳ፣ ባጃጁ ሁሉ ቆሞ አሳለፋቸው። «ጀግኖች!» ተባሉ። እኔ እኩል ዳገት፣ እኩል ላብ፣ አጠገባቸው ነበርኩ። አንዱ መጥቶ ምን አለኝ? «አስጎብኚያቸው ነህ?» እዚያው ሜዳ ላይ፣ አፄ ዮሐንስና ንጉሥ ምኒልክ በ1870 ዓ.ም. ለሃይማኖት ጉባኤ በተገናኙበት ሜዳ፣ በሌላ ቀን ብቻዬን ቆሜ ውሃ ስጠጣ ደግሞ አንድ ሽማግሌ ከልባቸው አዝነው «ምን ጠፍቶህ ነው ልጄ? በግ ነው?» አሉኝ። አገሬን ለማየት ነው የወጣሁት ብል ያምኑኛል?

ይሄ እኮ የፈረንጅ ነገር አይደለም! ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ ብስክሌተኞቿን ይዛ ነው የሄደችው፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበር። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ይህን ለዘመዶቼ ብነግራቸው «እነሱ ይከፈላቸዋል» ይሉኛል። የሚስቴ እህት ደግሞ በየበዓሉ «መኪናው አልተሳካም አይደል?» ትላለች፣ ጠላ እየቀዳች።

የመኪናውን ነገርማ አታንሱብኝ። ከጅቡቲ በሚሌ በባቲ የሚመጣው ተሳቢ ኮምቦልቻ ገብቶ ሽቅብ ወደ ደሴ ሲወጣ መንገዱ የሱ ብቻ ነው። ጣሊያን የቀደደው መንገድ ነው፣ ጠባብ፣ መታጠፊያው ክርን የመሰለ። ተሳቢ ኩርባ ላይ ሲቀድምህ ፊቱ ካለፈህ በኋላ የኋላው ወደ ውስጥ ይገባል፣ አንተ ወዳለህበት። ሹፌሩ አልፌዋለሁ ብሎ ረስቶሃል፣ የመጨረሻው ጎማ ግን ገና እየመጣ ነው። በግራህ ጎማ፣ በቀኝህ ዲች ወይ ገደል። ከኋላ ክላክስ! ክላክሱን የሚነፋው እንዳለ ሊያሳውቅህ አይደለም፣ ውረድልኝ ለማለት ነው።

ቁልቁለቱም ሌላ ጉድ ነው። ፍሬን ይዘህ ብቻ እንደማትወርድ ታውቃላችሁ፤ እየያዝክ እየለቀቅክ ካልሆነ ቸርኬው ይግልና ካላማዳሪውን ያፈነዳዋል። ከኋላህ አንድ ክንድ ተጠግቶ የሚነዳ ሚኒባስ ይህን ከየት ይወቀው? ስትለቅ አበደ ይልሃል፣ ስትይዝ ይሰድብሃል።

የኩታበር መንገድ ድንጋይ የሚወረውሩት ልጆች ልጆች ናቸው፣ አልፋቸዋለሁ። አጠገባቸው ቆመው የሚስቁት አዋቂዎች ናቸው የሚያናድዱኝ። ኮምቦልቻ ደግሞ ያ ሆቴል፣ ስሙን አልጠራም፣ ዘበኛው «ሳይክል ማስገባት ክልክል ነው» ብሎ በር ላይ አቆመኝ። ግቢው ውስጥ ባጃጅ ይታጠባል! ውጭ አስሬ ልግባ? ተመልሼ ስወጣ ገመዱን ብቻ ባገኘውስ? ሳልበላ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይ ነን ይላሉ ደግሞ።

የሚቆጨኝ መንገዱ ነው። እንደኛ ያለ መንገድ የት አለ? ሐረጎ ዝናብ ካቆመ በኋላ ባህር ዛፉ የሚሸተው፣ ጉሙ ከታች ተነስቶ ፊትህን የሚዳስስህ፣ ከመታጠፊያው ኮምቦልቻ ከነቦርከና ወንዟ ተዘርግታ የምትታይህ። የጎፍ ደን ጥዱና ወይራው። የጦሳ ተራራን ወገብ ይዘህ ወደ ገራዶ ስትወርድ እርሻው ደረጃ በደረጃ ቁልቁል የሚከተልህ። ሐይቅ ደርሰህ እስጢፋኖስ ጋ ዳርቻው ላይ ጫማህን አውልቀህ ስትቀመጥ። ይህን በመስኮት አታየውም፣ መስኮቱ ራሱ በላብ ታፍኖ ነው የሚሄደው! ይህን ለማየት ከሌላ ዓለም ሰው ይመጣል። እኛ እዚሁ ተወልደን «ምን ቸገረህ?» እንባላለን።

የምጠይቀው ልዩ መንገድ አይደለም። ሹፌሩ አንድ ሜትር ይራቅልኝ፣ ረዳቱ ለጆንያው በሚያስከፍለው ያስከፍለኝ፣ ዘበኛው ግድግዳ ላይ እንዳስደግፍ ይፍቀድልኝ። በዛ?

ደከመኝ። መቀየሪያውን በእጄ አቃንቼዋለሁ፣ ካቴናው ግን አሁንም እንደተበጠሰ ነው። ለዘጠኝ ማርሽ የሚሆን ካቴና ወይ ማያያዣ ያለው፣ ወይም በዚህ ሳምንት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ያለው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ዋጋውን እከፍላለሁ። ቅዳሜ ወደ ሐይቅ ነን፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ከንጋቱ ፒያሳ። ዛሬ የቀራችሁት ሁሉ እንዳትቀሩ።