ለድመት ሽማግሌ ሲላክ

የእህቴ ልጅ ተመርቃ ደሴ ስትመለስ «ካፌ ልከፍት ነው» አለችን። ደስ አለን። «የድመት ካፌ ነው» ስትል ግን ባለቤቴ ስኒዋን አስቀመጠች።

«ድመት ልትሸጪ ነው?»

አይደለም። ሰው ቡናውን ይጠጣል፣ ድመቶቹ በመሃል ይንጎራደዳሉ፣ ደንበኛው ይደባብሳቸዋል፣ አንዷን ከወደዳት ደግሞ ወስዶ ያሳድጋታል። የመጀመሪያው ታይዋን ውስጥ፣ ታይፔ ላይ እ.ኤ.አ. በ1998 ተከፈተ። ጃፓኖች በ2004 ኦሳካ ላይ ጀመሩና አገራቸውን ሞሉት፤ እዚያ ብዙው አከራይ እንስሳ ስለማያስገባ፣ ድመት የናፈቀው ተከራይ በሰዓት እየከፈለ ይደባብሳል። በ2014 አሜሪካ ኦክላንድ የተከፈተው ደግሞ ዋና ሥራው ቤት የሌላቸውን ድመቶች ከአሳዳጊ ጋር ማገናኘት ነው።

ባለቤቴ ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «በሰዓት እየከፈለ?»

እኛ ሰፈር ድመት ሳይጠራ ነው የሚገባው። የምንለፋው ለማስወጣት ነው።

ልጅቷ ግን ወደኋላ አላለችም። ፒያሳ አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራየች። ዋስ ሆንኩ። ንግድ ፈቃድ ልናወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ስንሄድ ሰውዬው ብዙ አሰበ።

«ካፌ ነው እርባታ?»
«ካፌ።»
«ድመቶቹ ታዲያ ምንድን ናቸው? ሠራተኞች?»
«እንግዶች ናቸው» አለች።
«እንግዳ ከሆኑ ለምን አይከፍሉም?»

አራት ቀን ተመላለስን።

ከዚያ ግንባታ። ቡናው የሚፈላበት ለብቻ፣ የድመቶቹ ክፍል ለብቻ፣ መሃሉ መስታወት። መግቢያው ሁለት በር፤ አንዱ ሳይዘጋ ሌላው አይከፈትም፣ እንዳያመልጡ። መጸዳጃቸው ደግሞ በድመቶቹ ቁጥር ልክ ሆኖ አንድ ይጨመርበታል። ሦስት ድመት፣ አራት መጸዳጃ። እኔ የምኖርበት ግቢ ለአራት አባወራ አንድ ነው። ምንም ሳልናገር አሸዋውን ተሸከምኩ።

ሦስቱ የተገኙት ከሥጋ ቤት ጓሮ ነው። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተወጉ፣ መከኑም። ድመት በሁለት ወር ገደማ ስለምትወልድ፣ ይህ ካልተደረገ ካፌው ማዋለጃ ይሆናል። ስማቸውን አቦል፣ ቶና እና በረካ አለቻቸው። በረካ ጥቁር ናት። ከጭራ እስከ አፍንጫ ጥቁር።

በመክፈቻው ቀን ጎረቤታችን ሐጂ በሩ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ድመት ቆልፋ በረሃብ የገደለች ሴት እሳት እንደገባች ሐዲስ ላይ አለ። እንዳትቆልፊያቸው።» ሳህኖቹን አሳየቻቸው። ሞልተዋል። ሐጂ ፊታቸው ፈታ አለ። «አብሽሪ። አቡ ሁረይራ ማለት እኮ የግልገሏ ድመት አባት ማለት ነው» ብለው ተቀመጡ። እስከ መግሪብ አልተነሡም። የመጀመሪያው ደንበኛ እሳቸው ናቸው፤ ከፍለው ግን አያውቁም።

እንዲያውም ማንም አልከፈለም። የመግቢያ ክፍያ የሚባለው ነገር ወሎ ላይ አልሠራም። የጎረቤት ሴቶች ቄጤማና ፈንዲሻ ይዘው መጡ። ሒሳብ ሲጠየቁ አንዷ ተቆጡ። «ቡና ጠርተሽኝ ክፈይ ትይኛለሽ?» የቡና ጠጡ ጥሪ አድርገው ነው የቆጠሩት። ከዚያ ወዲህ ቡናውን ብቻ እናስከፍላለን። እሱንም እየፈራን።

ድመቶቹም አላገዙንም። ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ትተኛለች። ብርዱ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ደግሞ ሦስቱም ለከሰሉ በሚቀርበው መስታወት ሥር ተደራርበው ያንኮራፋሉ። ጨዋታ ሊያይ የመጣ ሰው ሰዓት ሙሉ የተኛ ጀርባ አይቶ ይወጣል። «ጎበዝ አሠሪ ነሽ» አላት አንዱ።

ቡና ከድመት ፀጉር ጋር የሚጠየፍም ነበር። ንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሻቸውን «አይጠየፍ» ባሉበት ከተማ ይህ አያምርም ብዬ ተሟገትኩ። «እሱ የተባለው ለሰው ነው፤ ድመት ጠጅ ልትጠጣ ገብታ ነበር?» አለኝ ሰውዬው። መልስ አጣሁ።

ሌላዋ እትዬ ስለ ምግባቸው ጠየቁ። «የምን ሥጋ ነው የሚበሉት፣ የእስላም ወይስ የክርስቲያን?»
«ከሁለቱም።»
«እንግዲያ ወሎዬ ናቸው» ብለው ዝም አሉ። በዓቢይ ጾም ግን 55 ቀን ሙሉ ከመስታወቱ ወዲያ ሥጋ ሲበላ እያዩ ከወዲህ ሽሯቸውን በሉ። ፈተና ነበር።

የከበደን ጉዲፈቻው ነው። ልጅቷ ፎርም አዘጋጅታለች። ቤቱ የራስ ነው የኪራይ? ሕፃን አለ? ክትባቷን ያሳድሳሉ? ወተት አብዝተው እንደማይሰጧትስ ቃል ይገባሉ? ትልቅ ድመት ወተት ሆዷን ያውካታል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ግን አንድ ነው፦ «አይጥ ትይዛለች?» ከዚያ ፎርሙን ሲያይ ይቆጣል። «ልጄን ስድር እንኳ ይህን ያህል አልተጠየቅኩም!»

መፍትሔው የመጣው ከዚሁ ቁጣ ነው። አንድ ቤተሰብ አቦልን ፈልጎ፣ ፎርሙን አልሞላም ብሎ፣ ሦስት ሽማግሌ ላከ። ሐጂና እኔ የልጅቱ ወገን ሆነን ተቀመጥን።

«ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ ተነሥተው።
«ወገኗን ጠይቃችኋል?» አልን።
«እናቷስ?»
«ሥጋ ቤት ኮርኒስ ውስጥ ወልዳ ያሳደገች፣ የተከበረች።»
«አባቷ?»
«ጣሪያ ለጣሪያ የሚዞር ነጋዴ ነው።»

ተመካክረን እንነግራችኋለን ብለን ለዓርብ ቀጠርናቸው። የፎርሙ ጥያቄ አንድ ሳይቀር በሽምግልና ተመለሰ፤ ክትባቷንም እንደ ጥሎሽ ቃል ገቡ። አቦል ሄደች። በሳምንቱ ቶናን ሌሎች ሽማግሌዎች ወሰዷት።

በረካን የጠየቀ የለም። ጥቁር ድመት ቤት ማስገባት ሰው ይፈራል። የተማረውም ይፈራል፤ እሱ ግን «አለርጂ አለብኝ» ይላል።

ባለፈው እሑድ ማታ የቤታችን በር ተንኳኳ። ሐጂ ናቸው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው። ከኋላቸው የእህቴ ልጅ ክዳን ያለው ቅርጫት ታቅፋለች። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ እንጂ ልጅ ሊሰጥ ሲመጣ አይቼ አላውቅም። ባለቤቴ ቅርጫቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ምንም ሳትል ከሰል አያያዘች። እንግዳ ነው፣ ምን ታድርግ።

አቦሉን ጠጡ። ቶናውን ጠጡ። ስለ ዝናብና ስለ ጤፍ ዋጋ ተጫወቱ። ከዚያ መርቀው ተነሡ።

«ኧረ በረካውን ሳትጠጡ?» አለች ባለቤቴ።

«በረካማ» አሉ ሐጂ ጫማቸውን እያጠለቁ፣ «አልጋሽ ሥር ገብታለች።»