የሚፈርመው ሰው የለም

ትናንት ማታ ባዶ እጄን ሐዋሳ ገባሁ። እናቴ በሩን ከፍታ ፊቴን አየችና «አሁንም?» አለችኝ። «አሁንም» አልኳት። ሌላ አልተነጋገርንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ለማስተርስ እያመለከትኩ ነው። የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ኦፊሻል ትራንስክሪፕቴን፣ ማለትም የውጤት ማስረጃዬን፣ መላክ አለበት። እኔ ራሴ ልላከው ብል የማመለክትባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አይቀበሉም። ሬጅስትራሩ ራሱ አሽጎ፣ የፖስታው ክዳን ላይ ማህተም አርጎ ነው በቀጥታ የሚልከው። አንድ ፊርማና አንድ ማህተም፣ ሥራው ይኸው ነው።

እኔ ደግሞ የተመደብኩት ከሐዋሳ ሩቅ ነበር። በሌሊት ከመናኸሪያ ተሳፍሬ፣ አዲስ አበባ አድሬ፣ በማግስቱ ሌላ አውቶቡስ ይዤ ነው የምደርሰው። ሦስተኛ ጉዞዬ ነው። መጀመሪያ «ኮስት ሼሪንግ ሳትከፍዪ አይሆንም» ተባልኩ። ልክ ናቸው፣ መንግሥት ካስተማረኝ ወጪ የምጋራው ዕዳ ነው። ያጠራቀምኩትን አራግፌ ከፈልኩ። ሁለተኛ ስሄድ «ሲስተም የለም»። አሁን ሁሉም ተሟልቶ፣ ትራንስክሪፕቱ ታትሞ በዓይኔ እያየሁት፣ የሚፈርመው ሰውዬ ስብሰባ ሄዷል። እስከ መቼ? አይታወቅም። «በሚቀጥለው ሳምንት ሞክሪ።»

ፖስታውን እንኳ ግቢው በር ላይ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት እኔው ገዝቼ ነው የገባሁት። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አጥፋ ከተተችው። ክዳኑን ሳትለጥፍ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። «እሱ ሳይፈርም ማሸግ አልችልም እህቴ» አለችኝ። እሷን አልወቅሳትም፣ ከልቧ ነው ያዘነችልኝ። ግን አንድ ሰው ስብሰባ ሲሄድ ተክቶት የሚፈርም ሰው እንዴት ይጠፋል?

አንጀቴን የሚያሳርረኝ የአምናው ነው። የማመልከቻው ክፍያ 75 ዶላር ነበር። የኔ የባንክ ካርድ ውጭ ድረ-ገጽ ላይ አይሠራም። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ከፈለችልኝ። ሌሊቱን ሙሉ አረጋውያን ስትንከባከብ አድራ፣ ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ካርዷን አውጥታ ከፈለች። ትራንስክሪፕቱ ግን በጊዜው አልደረሰም። ማመልከቻዬ ሳይታይ ቀረ። ብሩ ደግሞ አይመለስም። ዘንድሮ እንደገና ልደውልላት ስልኬን ስንት ቀን እያነሳሁ እንዳስቀመጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስደውልላት «አይዞሽ ልጄ፣ ስንት ነው?» ነው ያለችኝ።

ሰው «ከባዱ ቪዛው ነው» ይለኛል። ቪዛው ጋ መቼ ደረስኩና! የአይኤልትስ፣ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናው፣ ውጤት የሚያገለግለው 2 ዓመት ብቻ ነው፣ የኔ ጥር ላይ ያበቃል። ዘንድሮ ካመለጠኝ እንደገና መፈተን ነው። ከ9ኛ ክፍል እስከ ዲግሪ በእንግሊዝኛ ነው የተማርኩት። ይህን የሚገልጽ ደብዳቤ ለሚያመጣ ተማሪ ፈተናውን የሚተዉ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ደብዳቤውን የሚጽፈው ማን ነው? ያው ሬጅስትራር። የሚፈርመውስ? ያው ሰውዬ።

የገንዘብ ድጋፍ ያለውን ማመልከቻ ብዙዎቹ ታኅሣሥ ላይ ይዘጉታል። እኔ ደግሞ አሲስታንትሺፕ፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ እየሠራሁ የምማርበትን ድጋፍ፣ ካላገኘሁ አልሄድም። አባቴ ባጃጅ ነድቶ ያሳደገን ሰው ነው፣ የውጭ ክፍያ ከየት ያመጣል? ታኅሣሥ አለፈ ማለት ዓመቱ አለፈ ማለት ነው።

ልዩ መስተንግዶ አልጠየቅኩም። ሰውዬው ሲወጣ ውክልና ይስጥ። ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል በቀጥታ የተላከ ትራንስክሪፕት የሚቀበሉ አሉ፣ ለነሱ እንኳ በኢሜይል ላኩልን። ስልክ አንሱ። «ዛሬ ፈራሚ የለም፣ አትምጪ» የሚለኝ አንድ ሰው ቢኖር ሁለት ቀን አልጓዝም ነበር። ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።

ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ እንደገና መናኸሪያ ነኝ። እናቴ ይኸው ከአሁኑ ለስንቄ ዳቦ ቆሎ እየቆላች ነው።