ስንተኛ ትውልድ ነው ብዬ ስጠይቅ አትቆጡኝ

ኧረ ወገን፣ ዛሬስ ልተንፍስ። ባህር ዳር ላይ በትንሽ ብር ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ልገጣጥም ብሎ የተነሳ ሰው ሁሉ ይቺን ያውቃታል። ሱቅ ትገባለህ። ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ምንድን ነው ትላለህ። «አይ ሰቨን ነው።» እሺ፣ ስንተኛ ትውልድ? «ወንድምዓለም፣ አይ ሰቨን ነው አልኩህ እኮ!» አለቀ። ከዚህ በኋላ ከጠየቅህ ነገረኛ ነህ።

አይ ሰቨን የሚባለው የኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰር ስም በፈረንጆቹ ከ2008 ጀምሮ ያለ ነው፤ በየጊዜው አዲስ ዙር ይወጣል፣ ትውልድ የሚባለው እሱ ነው። በ2011 የወጣው አይ ሰቨን 2600 አራት ኮር (ስሌቱን የሚሠራ ክፍል) አለው። በ2022 የወጣው አይ ስሪ 12100 ኤፍም አራት ኮር አለው፣ ግን አሮጌውን አይ ሰቨን በሰፊ ልዩነት ጥሎት ይሄዳል። ሱቅ ውስጥ ሰባት ከሦስት ይበልጣል፣ ሒሳቡ ያ ብቻ ነው። ዋጋውም በዚያው ሒሳብ ይጠራል!

ደግሞ ይሄ ገና መጀመሪያው ነው። ፕሮሰሰሩን ብታገኝ ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ቦርድ፣ አለ። ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ኢንቴል 1151 በሚባለው ሶኬት (የፕሮሰሰር መሰኪያ) ላይ ነው የሚቀመጠው። ስምንተኛና ዘጠነኛውም 1151 ነው። ፒኑ እኩል፣ መልኩ እንደ መንታ። ግን ለስድስተኛ የተሠራ ቦርድ ላይ ስምንተኛ ብታደርግ ይቀመጣል እንጂ ኮምፒውተሩ አይነሳም። ይሄን ለሻጭ ስትነግረው ያየሃል፣ ጓደኛውን ያየዋል፣ ይስቃሉ።

የኢንቴል ተፎካካሪው ኤኤምዲ እዚህ ላይ ትንሽ ይሻላል፤ ኤኤም 4 ሶኬት ለዓመታት ሳይለወጥ ቆይቷል። እሱም ግን ወጥመድ አለው። ባዮሱ (ቦርዱን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ያልታደሰ አሮጌ ቢ 450 ቦርድ ላይ ራይዘን 5 5600 የሚባለውን ፕሮሰሰር ስትሰካ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ባዮሱን ለማደስ ባብዛኛው ቦርዱ የሚያውቀው ሌላ ፕሮሰሰር ያስፈልጋል። እሱን ከየት ታመጣለህ? ፖሊ (የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ) ግቢ የሚማር ዘመድ ካለህ ጓደኞቹን ይለምንልህ ይሆናል። ዘመድ የሌለውስ?

ራሙን (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታውን) ባጭሩ ልለፈው። የራም ዓይነቶቹ ዲዲአር 3፣ 4 እና 5 ጠርዛቸው ላይ ያለው ጎድጎድ የተለያየ ቦታ ላይ ነው፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። አስራ ሁለተኛ ትውልድ ኢንቴል 4ም 5ም ይቀበላል፣ ቦርዱ ግን ባብዛኛው ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው። «ራም ራም ነው» የሚለኝን ሰው ከዛሬ ጀምሮ ሰላም አልለውም።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። እኛ በጀት የሌለን ሰዎች የመጨረሻ ተስፋችን ከውጭ የሚመጣው «ስላይትሊ ዩዝድ» (ትንሽ ያገለገለ) የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ርካሽ። ሻጩ «ግራፊክስ ካርድ ትጨምርበታለህ፣ በቃ ጌሚንግ ሆነ» ይላል። የጌሙን ምስል የሚሠራውን ካርድ ማለቱ ነው። እንዴት ነው የምጨምርበት? ኬዙ ቀጭን ስለሆነ አጭር ቁመት ያለው ካርድ ካልሆነ ክዳኑ አይዘጋም። ፓወር ሰፕላዩ (ለዕቃዎቹ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን) ትንሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም መሰኪያው የራሱ የኩባንያው ብቻ ስለሆነ ገበያ ላይ ባለው ተራ ፓወር ሰፕላይ መቀየር አይቻልም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርዱ መሰኪያ ራሱ ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም። ስለዚህ ምርጫህ እንደ ጂቲኤክስ 1650 ያለ፣ ያውም አጭሩና ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቀው ዓይነት ነው። አርኤክስ 580 የሚባለው ካርድ ግን 185 ዋት ይፈልጋል፣ ተጨማሪ የፓወር ገመድም ይጠይቃል።

«ገመድ የለውም» ስትል መልሱ ምን መሰላችሁ? «ኮንቨርተር አለው።» ከሀርድ ዲስክ ገመድ ወደ ካርድ ገመድ የሚቀይር! የሀርድ ዲስኩ የሳታ ገመድ ቢበዛ 54 ዋት ነው የሚችለው። ጌሙ ሲከብድ ገመዱ ሊቀልጥ ይችላል። ይሄንን በፈገግታ ነው የሚሸጥልህ።

ለብቻው የሚሸጠው ፓወር ሰፕላይም ያው ነው። ፊቱ ላይ በትልቁ 500 ዋት ተጽፏል። ጎኑ ላይ ያለውን ትንሽ ጽሑፍ አንብቡ፦ 12 ቮልት፣ 18 አምፔር። ሲባዛ 216 ዋት። ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ የሚበሉት ደግሞ ከዚህችው ከ12 ቮልቷ ነው። የቀረው የት ሄደ? በዚያ ላይ መብራቱ አለ። የጣና ውኃ በዋሻ ተወስዶ በለስ ላይ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ተሠርቶበታል፣ እኛ እዚሁ አፍንጫው ሥር ተቀምጠን መብራት ድርግም ሲል ደረታችንን እንይዛለን። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ አንድ ቀን ሲሞት ደግሞ ብቻውን አይሞትም፣ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ዩቲዩብ ላይ ያሉት ፈረንጆች «ካልገጠመ መልሰህ ቀይር» ይላሉ። የት? ከጊዮርጊስ እስከ ፔዳ ብትዞር ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ነው። ከአዲስ አበባ ላስመጣ ካልክ ብሩን ቀድመህ ታስገባለህ፣ ዕቃው ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይመጣል፣ መንገድ ከተዘጋም ትጠብቃለህ። ሲደርስ ካልገጠመ ስልክ አይነሳም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ደግሞ ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ 100ን ዘሎ ሄዷል። አንድ የማይገጥም ዕቃ ማለት የስንት ወር ቁጠባ እንደሆነ አስቡት።

«ሞክረህ ውሰድ» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። ዊንዶውስ ከፍቶ ማሳየት ሙከራ አይደለም። ከባድ ጌም ግማሽ ሰዓት አጫውቱና ያኔ ሙቀቱን አሳዩኝ።

ሻጮች ክፉ ናቸው እያልኩ አይደለም። አብዛኞቹ የመጣላቸውን ነው የሚሸጡት፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ነው የሚያነቡት። ግን የማያውቁትን «ይገጥማል፣ ምን ችግር አለው» ባይሉ ምን ነበር? «አላውቅም፣ አጣርቼ ልደውልልህ» ያለኝን ሰው እኔ ሌላ ሱቅ አልሄድበትም ነበር።

ቴሌግራም ላይ የምትለጥፉም እባካችሁ ሙሉ ቁጥሩን ጻፉ። አይ ፋይቭ ብቻ አትበሉ፣ መጨረሻ ላይ ኤፍ ካለም ጻፉት፤ ኤፍ ያለው የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው ካርድ እስክንገዛ ስክሪን አናይም። የፓወር ሰፕላዩን ጎን ፎቶ አንሱ፣ ባለመብራቱን ማራገቢያ ተዉት።

እኔ አሁን የምፈልገው ለአይ ስሪ 12100 ኤፍ የሚሆን፣ ዲዲአር 4 የሚቀበል ኤች 610 ቦርድ ነው። ባህር ዳር ያለው ሰው ካለ ከነሙሉ ስሙና ከነዋጋው እዚሁ ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ። «ኢንቦክስ» የሚል መልስ አልቀበልም።