ሳጥኑ ይከፈት፣ ስክሪኑ ይብራ፣ ከዚያ ገንዘብ

ደሴ ፒያሳ ላይ ላፕቶፕ የሚሸጥበት ሱቅ ስትገቡ፣ ከባንኮኒው በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ብታገኙ አይግረማችሁ። ጫማ ቤቱም ጨርቃ ጨርቁም ይኸው ወረቀት አለው። ሰው ከመልመዱ የተነሣ ሕግ መስሎታል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን የሚለው ሌላ ነው፤ እንከን ያለበት ዕቃ የደረሰው ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ወይ እንዲለወጥለት ወይ ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፎ አዋጅ መሻር የለም።

ሰሞኑን ቻርጀሬን ላሳይ በገባሁበት ሱቅ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከአጎቷ ጋር ሆና ትናንት የገዛችውን ላፕቶፕ ይዛ መጣች። ከፈተችና ስክሪኑን ጥቁር አድርጋ ወደ ባለሱቁ አዞረችው። በስክሪኑ ጥግ ካለው ሰዓት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከብዕር ጫፍ የማትበልጥ አረንጓዴ ነጥብ ቦግ ብላ ቆማለች። ነጭ ገጽ ሲከፈት ጨርሳ ትጠፋለች፤ ጥቁር ሲመጣ ግን አንዴ ያያት ሰው ዓይኑን ከእሷ መንቀል አይችልም።

«አብሽሪ እህቴ፣ ይቺን ነጥብ ብለሽ ነው? ወላሂ ዕቃው አዲስ ነው» አላት ባለሱቁ።

«አዲስማ ከሆነ ይቺ ምን ትሠራለች?» አሉ አጎትየው።

«ጋሼ፣ ካርቶኑን እኮ ከፍታችሁታል። አሁን ፓክድ ነው ብዬ ለማን ልሽጠው?»

እኔ የልጅቷ ወገን ነኝ። የባለሱቁም ጥያቄ ግን መልስ ይፈልጋል፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ነጥቧ። የተለመደው ፉል ኤችዲ ስክሪን በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች አሉት፤ ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል። እያንዳንዱ ፒክስል ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፋይ ስላለው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጥቃቅን መስኮቶች መስታወቱ ላይ ተደርድረዋል ማለት ነው። እያንዳንዱን መስኮት የሚከፍትና የሚዘጋ የራሱ ትራንዚስተር አለው። ከእነዚህ አንዱ ሲበላሽ መስኮቱ ወይ ተከፍቶ ይቀራል፣ ወይ ተዘግቶ ይቀራል። የልጅቷ ነጥብ የአረንጓዴው መስኮት ተከፍቶ መቅረት ነው። ነጭ ላይ የማትታየው አረንጓዴው እዚያም መብራት ስላለበት ነው። እንዲህ ያለችው ነጥብ ቀለም በፍጥነት በሚያፈራርቅ ፕሮግራም አንዳንዴ ትለቃለች፤ ጨርሳ የጠቆረችው ግን አትመለስም። በጣት ተጫኑት የሚል ምክር ከሰማችሁ አትስሙ፤ አንዷን ነጥብ እናጥፋ ብላችሁ ዙሪያዋን ታበላሻላችሁ።

ብዙ ገዢ የማያውቀው ነገር፣ አምራቾቹ ራሳቸው እንዲህ ላለው ነጥብ ልክ ማውጣታቸውን ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው አይኤስኦ 13406-2 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ በሁለተኛው ደረጃ ስክሪን ላይ በየአንድ ሚሊዮኑ ፒክስል ሁለት ሁልጊዜ የሚበሩ፣ ሁለት ሁልጊዜ የጠቆሩ፣ አምስት ደግሞ እንደ ልጅቷ ዓይነት የክፋይ እንከኖችን ይፈቅድ ነበር። በ2008 በአይኤስኦ 9241-307 ተተክቷል፤ ጥቂት ነጥብ ይፈቀዳል የሚለው አስተሳሰብ ግን አልተነሣም። እናም የአምራቹን ዋስትና ይዛችሁ አንዲት ነጥብ ብላችሁ ብትከራከሩ «ከተፈቀደው በታች ነው» ተብላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። አዋጁ ደግሞ «እንከን» ይላል እንጂ ፒክስል አይቆጥርም። ለእኔ አዲስ ተብሎ በሙሉ ዋጋ በተሸጠ ዕቃ ላይ ዓይን የሚወጋ ነጥብ እንከን ነው። ባለሱቁ ግን መለኪያውን ጠቅሶ ሊከራከር ይችላል፤ ክርክሩም ሥራ ፈትቶ የሚመላለስን ሰው ቀድሞ ያደክማል። ገዢው በእርግጥ ጉልበት የሚኖረው ገንዘቡ ገና ኪሱ ውስጥ ሳለ ነው።

ይህን ጉልበት ደግሞ በይሉኝታ እንጥለዋለን። ባቲ የሰኞ ገበያ በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ሳይገልጥ፣ አስነሥቶ ሳያስኬድ ብር አይቆጥርም፤ ሻጩም አይቀየመውም። ላፕቶፕ ቤት ስንገባ ግን «ላብራው?» ማለት ሰውየውን ሌባ ማለት ይመስለናል። ካርቶኑ እንደታሸገ ተቀብለን፣ በፌስታል አንጠልጥለን እንወጣለን። ያልተከፈተ ካርቶን ደግሞ ስክሪኑ ምን እንደሚመስል አይናገርም። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርቶኑ በጣርማ በር አልፎ፣ በደብረ ሲና፣ በከሚሴና በኮምቦልቻ አድርጎ፣ ምን እንደተጫነበት ሳይታወቅ ነው የሚመጣው። ክዳኑ ላይ ክብደት ያረፈበት ላፕቶፕ ካርቶኑ ሳይበሳ ስክሪኑ ላይ ነጣ ያለ እድፍ የመሰለ ምልክት ሊያወጣ ይችላል።

ወደ ባለሱቁ ጥያቄ ልመለስ። «ከፍቼ ባሳየውና ትቶኝ ቢሄድ፣ የተከፈተ ዕቃ ይዤ እቀራለሁ» የሚለው ስጋት ሐሰት አይደለም። ገዢው ማኅተም የተቀደደ ሲያይ «ዩዝድ ነው» ብሎ ዋጋ ይሰብራል። መፍትሔው ግን አገር የሚያውቀው ቀብድ ነው። ገዢው ቀብድ ይስጥ፣ ካርቶኑ ይከፈት፣ ስክሪኑ ይታይ። ንጹሕ ሆኖ ሳለ ገዢው ሐሳቡን ቢቀይር ቀብዱ ለባለሱቁ ይቀራል፤ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ነጥብ ወይም መስመር ከተገኘ ግን ቀብዱ ሳይሸረፍ ይመለስ። ይህን በሁለት መስመር ጽፎ ለመፈራረም ጠበቃ አያስፈልግም። ባለሱቁም ቢሆን ይጠቀማል፤ ነጥብ ያለበትን ዕቃ በማግሥቱ ከሸማች ከመቀበል ይልቅ ዕለቱን ለአስመጪው መመለስ ይቀለዋል።

ፍተሻው ራሱ ሻይ እስኪጠጣ አይፈጅም። ብዙ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ሳይጫንበት ስለሚመጣ «ገና አልተጫነም፣ ምን ታያለህ?» ይባላል። ዴል ከሆነ ምክንያቱ አይሠራም፤ የ«ዲ» ቁልፍን ተጭናችሁ ይዛችሁ ብታበሩት ስክሪኑ ራሱን ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያደረገ ያሳያችኋል። በሌሎቹ ላይ ዊንዶውስ ካለ አንድ ወጥ ቀለም ያላቸውን ሥዕሎች በፍላሽ ይዞ ሄዶ ሙሉ ስክሪን ላይ መክፈት ነው። ጥቁሩን ስታዩ ብርሃኑን ከፍ አድርጉ፤ ቢቻል የሱቁ መብራት ይጥፋ። በጠርዙ በኩል ብርሃን ሲያፈስ የሚታየው ያኔ ነው። ትንሽ ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ አንዱ ጥግ ብቻ ቦግ ካለ ግን አትውሰዱት።

ከነጥብ የሚከፋ አለ። ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን መስመር ብዙ ጊዜ በመስታወቱ ጠርዝ ላይ ያለ የመጋጠሚያ ችግር ነው፤ አይድንም። ክዳኑን ስታንቀሳቅሱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈውን ኬብል ጠርጥሩ፤ ይህ ይጠገናል፣ በአዲስ ዕቃ ላይ ግን ለምን ይጠገናል? ችግሩ ከስክሪኑ ይሁን ከውስጡ ለመለየት ስክሪንሾት አንሡና በስልካችሁ ክፈቱት፤ መስመሩ ሥዕሉ ውስጥ ካለ ጥፋቱ የግራፊክሱ ወይም የሶፍትዌሩ ነው፣ ከሌለ የስክሪኑ ወይም የኬብሉ ነው። በኤችዲኤምአይ ቴሌቪዥን ላይ መሰካትም ይኸንኑ ይነግራችኋል።

«በቃ፣ ስክሪኑን እንቀይርልሽ» የሚል መልስ ሲመጣ ግን ቆም በሉ። ልጅቷንም ያሏት ይህንኑ ነው። ፓነል፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው መስታወት፣ ሁሉ አንድ አይደለም። መጠኑ እኩል ሆኖ ጥራቱ የወረደ፣ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ የሚገለበጥ ሊገጠም ይችላል፤ ሶኬቱ እንኳ ባለ 30 ወይም ባለ 40 ፒን እየሆነ ይለያያል። ያልተፈቀደለት ሰው ከፈተው ተብሎም የአምራቹ ዋስትና ሊወድቅ ይችላል። ዶላር 57 ብር ገደማ ከነበረበት ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ምንዛሪው ለገበያ ተለቆ ከ100 ካለፈ ወዲህ ደግሞ ጥሩ ፓነል ከእጅ ርቋል፤ በነጻ የሚገጠም ካለ ምን ዓይነቱ እንደሆነ አስቡት። አዲስ ላፕቶፕ ላይ እንከን ሲገኝ የሚለወጠው ላፕቶፑ ነው።

ይህ ሁሉ የሚቆመው በደረሰኝ ነው። «ያለ ደረሰኝ ይሄን ያህል እቀንስልሃለሁ» ሲባል የሚቀነሰው ዋጋ ብቻ ሳይሆን 15ቱ ቀንም ነው፤ መቼና ከማን እንደገዛችሁ በምን ታሳያላችሁ? ደረሰኙ ላይ ሞዴሉና ከላፕቶፑ ሥር ያለው ሴሪያል ቁጥር ይጻፍ። እንከኑን እንዳያችሁ ስክሪኑንና ሴሪያሉን ፎቶ አንሥታችሁ ለባለሱቁ የዚያኑ ዕለት በጽሑፍ መልእክት አሳውቁ፤ አልሰማም ካለ መልእክቱንና ደረሰኙን ይዛችሁ የከተማውን ንግድ መሥሪያ ቤት በር አንኳኩ። መሥሪያ ቤቱም አቤቱታ እስኪመጣለት አይጠብቅ፤ ፒያሳ ላይ በእግሩ ወርዶ እነዚያን ወረቀቶች ያስነሣ።