ለበሽተኛዬ ሳይረን ያስፈልጋታል ተባልኩ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ካደረ እንደ ሌላው ጊዜ «ይለፍ» ብዬ እተወዋለሁ። ለአምቡላንሴ የጠየቅኩት የብቃት ማረጋገጫ ዛሬም አልተሰጠኝም። የተከለከልኩት መኪናው አርጅቶ ወይም ባለሙያ ጎድሎኝ አይደለም፤ የማመላልሳቸው ሕሙማን በሚፈለገው መጠን ለሞት ስላልቀረቡ ነው።

ለፍተሻ የመጣው ልጅ፣ ከመጨረሻ ልጄ ቢበልጥ በጥቂት ነው፣ መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረውና ጣሪያውን አንጋጦ እያየ «ሳይረኑን እስቲ አስጩኺው» አለኝ። ሳይረን እንደሌለው፣ ሥራችን ከሆስፒታል የወጣን ወይም ለኩላሊት እጥበት የሚመላለስን የአልጋ ታማሚ ማድረስ እንጂ የድንገተኛ አደጋ ጥሪ መቀበል እንዳልሆነ፣ ይህም በማመልከቻው የመጀመሪያ መስመር ላይ መጻፉን በትሕትና አስረዳሁት።

«ሳይረን ከሌለው አምቡላንስ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ስትሬቸር አለው፣ ኦክስጅን አለው፣ ነርስ አለው።»

«ነርሷ የታለች?»

«እኔ ነኝ።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ወደ ባልደረባው ዞሮ «ሲስተርዬ ጡረታ ሰልችቷት ነው» ብሎ ሳቀ። ሾፌሬ መሬት መሬቱን ያያል፤ እኔ «እርስዎ» እላለሁ፣ እሱ «አንቺ» ይላል። ከዚያ የስትሬቸሩን ቀበቶ ስቦ ቆለፈው፣ ፈታው፣ እንደገና ቆለፈውና «ይሄ አሪፍ ነው» ብሎ ካመሰገነ በኋላ ቅጹ ላይ «አያሟላም» ብሎ ጻፈ።

እኔ ቁጥጥር አይኑር አላልኩም። እንዲያውም ተቆጣጣሪ ብሆን ኖሮ ከእሱ የባስኩ ክፉ እሆን ነበር። የኦክስጅኑ ሲሊንደር በደንብ ካልታሰረ ድንገተኛ ፍሬን ሲያዝ ታማሚው ላይ ሊወርድ ስለሚችል መጀመሪያ እሱን እነቀንቅ ነበር፤ ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው ከወረደ በኋላ መኪናው እንዴት እንደሚናፈስና እንደሚጸዳ፣ በመንገድ ላይ የልብ ምት ቢቆም ሾፌሩ ደረት መጫን ያውቅ እንደሆነ እጠይቅ ነበር። ከዚህ ውስጥ አንዱም አልተጠየቀም። ጣሪያው ላይ የሚሽከረከር መብራት አለመኖሩ ግን ሁለቴ ተመዝግቧል።

«ድንገተኛ ካልሆነ ትራንስፖርት ነው፣ ወደዚያ ሂጂ» ተባልኩ፤ ሄድኩ። እዚያ ያሉት ደግሞ ኦክስጅን የጫነ መኪና የጤና ጉዳይ ነው ብለው መለሱኝ። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ለእንዲህ ያለ ሥራ ንግድ ፈቃድ የሚወጣው የብቃት ማረጋገጫ ሲቀርብ ነው፤ ስለዚህ አንዷ ወረቀት ሌላዋን ስትጠብቅ የመኪና ማቆሚያው ኪራይና የሾፌሩ ደመወዝ ግን ማንንም አይጠብቁም። በመሃል «ሲስተም የለም» የተባልኩባቸውን ቀናት ሆን ብዬ አልቆጥርም፤ ለነዳጅ ተሰልፌ ያነጋሁበትንም ዛሬ ካነሳሁት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ለድንገተኛ አደጋ ከተማችን ቁጥር አላት፤ የቀይ መስቀል 907 አለ፣ የእሳትና አደጋ ሥጋት 939 አለ፣ እግዚአብሔር ያክብራቸው። ነገር ግን ስትሮክ መትቷት አንድ ጎኗ አልታዘዝ ያላትን እናት ከሆስፒታል አውጥቶ ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ማድረስ የእነሱ ሥራ አይደለም፤ መኪናቸው ለመኪና አደጋና ለምጥ ይፈለጋል። ታዲያ ማን ያድርሳት? ባለፈው ሰሞን በአንድ ሆስፒታል በር ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ፦ እናቲቱን በብርድ ልብስ አንጠልጥለው ቪትዝ ውስጥ አስገቧት፤ የሽንት ቱቦዋ በሩ ላይ ተቆልፎበት ከረጢቱ ውጭ ቀርቶ ነበር። ሮጬ በሩን ባላስከፍተው ኖሮ መኪናው ሲነሳ የሚሆነውን ነርስ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። እዚያው በር ላይ ወንበሩ ተነቅሎ ፍራሽ የተዘረጋበት ሚኒባስ ቆሞ በሽተኛ ይጫረታል፤ ኦክስጅን የለው፣ ባለሙያ የለው፣ ፈቃድ የለው። እሱን «አያሟላም» የሚለው የለም፤ ምክንያቱም አላመለከተም። ፍተሻ የሚመጣበት ሕጋዊ ልሁን ብሎ እጁን ያወጣ ሰው ብቻ ነው!

ነርሱ ክብረት አበበ ቤታቸውን ሸጠው ጠብታ አምቡላንስ የተባለውን የግል አምቡላንስ ድርጅት መጀመራቸውን ስሰማ ቤት መሸጡ ይገርመኝ ነበር። ዛሬ የሚገርመኝ ፈቃዱን ማውጣታቸው ነው።

ሾፌሬ «ከሶማሌ ተራ ሳይረን ገዝተን እንግጠምና እንገላገል» ይለኛል። ደም ግፊታቸውን ስለካ አብረውኝ የሚጫወቱ ሽማግሌ፣ የእጥበት ቀጠሯቸው ገና አንድ ሰዓት ቀርቶት ሳለ፣ በቦሌ መንገድ ሳይረን እያስጮህኩ ሰውን ከመንገድ ላባርር ማለት ነው። በእውነት ይህ ነው የተፈለገው?

ከሰዓት በኋላ አቤት ልል ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄጄ ነበር፤ ስብሰባ ላይ ናቸው አለችኝ ጸሐፊዋ። ስለምን እንደሆነ ስጠይቃት ድምጿን እንኳ ሳትቀይር «ስለ ተገልጋይ እርካታ» አለችኝና የቅሬታ ቅጽ ዘረጋችልኝ፤ ፎቶ ኮፒው ግን በራሴ ነው፣ እሱም ከግቢው ውጭ።