ክርክር፦ የአዲስ አበባ ቧንቧ ለመሬት መንቀጥቀጥ ሲባል ይቀየር?

ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተከታታይ የተነሣው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። አንድ ጡረታ የወጡ የውሃ መሐንዲስና አንዲት የበጀት ባለሙያ በጉዳዩ ተጻጽፈዋል።

መሐንዲሱ

ሁሉም የሚያወራው ስለ ፎቅ ነው። ቧንቧውን ማንም አያነሣውም። እ.ኤ.አ. በጥር 1995 የጃፓኗ ከተማ ኮቤ ስትናወጥ በአካባቢው 1.3 ሚሊዮን ገደማ ቤተሰብ ውሃ አጣ። ከተማው በእሳት ሲያያዝ እሳት አጥፊዎቹ ቱቦ ዘረጉ፣ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም። ጥገናው ሦስት ወር ገደማ ወሰደ።

የተቀበረ ቧንቧ እንደ ፎቅ አይወዛወዝም፤ አፈሩ ወደሄደበት ይሄዳል። አፈሩ ሲሳሳብ መጀመሪያ የሚለቀው መጋጠሚያው ነው። የእኛ አሮጌ ጂአይ (ዚንክ የተለበጠው የብረት ቧንቧ) ደግሞ ጥርሱ ላይ ዝጎ አልቋል። ጃፓኖች መጋጠሚያው ትንሽ እየተንሸራተተ የሚሳብ፣ ጫፍ ሲደርስ ግን ተቆልፎ የማይወልቅ ዳክታይል (ቶሎ የማይሰበር ብረት) ቧንቧ ሠሩ። እኛም የምንቀይረውን ሁሉ በዚህ እንቀይር።

የበጀት ባለሙያዋ

ጋሼ፣ ኮቤን ጥሩ አድርገው ተረኩልን። እኛ ሰፈር ግን ውሃ በፈረቃ ነው። ሌሊት «መጣች!» ሲባል ጀሪካን ይዘን እንራወጣለን። የኮቤ ሰው የነበረውን ነው ያጣው። የእኛ ቧንቧ አብዛኛውን ሳምንት ባዶ ነው። ባዶ ቧንቧ ቢናወጥ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ውሃ ይምጣ። እስከዚያ ሮቶ ያለው ይተርፋል። ደግሞስ የጃፓን መጋጠሚያ በስንት ዶላር?

መሐንዲሱ

«ባዶ ቧንቧ ቢናወጥ ምን ይሆናል» አልሽ፣ እህቴ? ይሰበራላ! የሚሰብረው አፈሩ እንጂ ውሃው አይደለም። እንዲያውም ባዶው ይብሳል። ግፊት ያለበት ቧንቧ ሲሰነጠቅ ወደ ውጭ ይተፋል፤ መንገዱ ሲረጥብ ታዪዋለሽ። ግፊት የሌለው ግን ከጎኑ ከተሰበረው የፍሳሽ መስመር ወደ ውስጥ ይስባል። ፈረቃው ሲደርስ በጀሪካን የምትቀጂው እሱን ነው።

የበጀት ባለሙያዋ

ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። አንዷን ዓረፍተ ነገር ይዘው ሙሉ ጽሑፍ ሠሩባት። ዶላሩስ? እሱን ዘለሉት። ያለ ዋጋ የቀረበ ሐሳብ እኛ ቢሮ «ምኞት» ነው የሚባለው።

መሐንዲሱ

ዕድሜዬን ጉድጓድ ውስጥ የጨረስኩ ሰው ነኝና «ምኞት» መባሉን ከእርስዎ አልጠበቅሁም። የሚመኩበት ሮቶ 2,000 ሊትር ሲይዝ 2 ቶን ነው። ቀጭን የብረት ማማ ላይ ሰቅለነዋል፤ ሲናወጥ ማን ላይ እንደሚወርድ ያስቡት። ባዶ ቧንቧ ይሻላል ብለው ይሆናል።

ከተማው ሁሉ ይቆፈር ያለም የለም። በሙቀት የሚበየደው የፕላስቲክ ቧንቧ፣ ኤችዲፒ፣ አሁንም እዚሁ እየተዘረጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች ላይ መሬቱ እንደ አጥሚት ሲፈስ፣ የአስቤስቶስ ሲሚንቶው ቧንቧ ሲሰባበር የፕላስቲኩ እጅግ በተሻለ ተርፏል። ከማጠራቀሚያው ወደ ሆስፒታሎች በሚሄደው መስመር እንጀምር።

የበጀት ባለሙያዋ

አሃ! መጀመሪያ «የምንቀይረውን ሁሉ» ነበር፣ ያውም በጃፓን ዳክታይል። አሁን በኤችዲፒ፣ ያውም ወደ ሆስፒታል የሚሄደው ብቻ። በዚህ ቢጀምሩ ኖሮ ምን አከራከረን? እኛ ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ እኮ ውሃ በቦቴ ገዝቶ ነው የሚያዋልደው። ከእርስዎ ዝርዝር ውስጥ አለ ወይስ ሆስፒታል ስላልሆነ ይጠብቅ?

መሐንዲሱ

ጤና ጣቢያውም ይግባ፣ ማን ከለከለ? ግን ቦሌና ሲኤምሲ ያለው መረሬ አፈር በክረምት እያበጠ፣ በበጋ እየተሰነጠቀ ያለ መንቀጥቀጥም መጋጠሚያ ያላላል። ቧንቧውን ዛሬ ለውሃ ስንቀብረው ለመንቀጥቀጡም አብረን እንቅበረው ነው የምለው፤ ሁለቴ አንቆፍርም። ባዶው ቧንቧ ምን እንደሚሆን ግን እስካሁን አልነገሩኝም።